ያልጠራሁት ፈረስ

አዲስ አበባ ለሚሄደው የቼዝ ቡድን የቀረው አንድ ቦታ ነበር። ለእሱ የተገናኘነው እኔና ከሀርሺን የመጡ አንድ ዓይነ ስውር መምህር ነን። ያኔ ተመርቄ ሥራ ስላላገኘሁ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ነበር፤ ያንን ቦታ አጥብቄ ፈልጌዋለሁ።

ከዓይነ ስውር ጋር ሲጫወቱ ሰሌዳው ሁለት ነው። እሳቸው በጣታቸው የሚዳስሱት፣ ጠጠሮቹ ቀዳዳ ውስጥ የሚተከሉበት የራሳቸው ሰሌዳ አላቸው። ጨዋታችንን ጮክ ብለን እንናገራለን፤ ሌላው ሰምቶ በራሱ ሰሌዳ ላይ ያንቀሳቅሳል። አንዴ ከአፍ የወጣ አይመለስም። እኔን ከማሰቡ ይልቅ መናገሩ ከበደኝ፤ ድምፄ አልወጣ አለ።

«አባዮ፣ እህቴ፣» አሉኝ መምህሩ፣ «ዓይኔስ ጠፍቷል፤ ጆሮዬንም ልታጠፊው ነው?»

ዳኛው ሳቀ። እኔን ላብ አጠመቀኝ።

የጅግጅጋ ነፋስ አቧራ እንዳያስገባ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ ነበር። ሊመሽ ሲል መብራት ጠፋ።

«እንኳን ወደ እኔ ቤት በደህና መጣችሁ!» አሉ መምህሩ። ዳኛው ሰዓቱን አቆመ።

ተራው የእኔ ነበር። በጨለማው ውስጥ ፈረሴን ኤፍ አምስት በሚባለው ቤት ላይ ባስቀምጠው ብዬ አሰብኩ፤ ያምራል። ወዲያው ግን ንግሥቴ እንደምትበላብኝ ታየኝና ተውኩት። ከፊት ለፊቴ ጣቶች ሲዳስሱ ተሰማኝ፤ ከዚያም እንጨት ቀዳዳ ውስጥ ሲገባ ቀጭ አለ።

መብራቱ ሲመጣ ሰሌዳቸውን አየሁ። ፈረሴ ኤፍ አምስት ላይ ተተክሏል።

«መምህር፣ እኔ እኮ ምንም አልተናገርኩም።»

«ዋላሂ ተናግረሻል! ድምፅሽን ገና አሁን በደንብ ሰማሁት። ‹ፈረስ፣ ኤፍ አምስት› አልሽ፤ ጮክ ብለሽ።»

ዳኛው አልሰማም። ከኋላ የተቀመጡትን ጠየቀ፤ አንድም የሰማ የለም። «እንግዲያው የፈለግሽውን ተጫወቺ» አለኝ።

መምህሩ ፈረሱን በዝግታ ነቅለው ወደ ቦታው መለሱት። ከዚያ በኋላ በተናገርኩ ቁጥር ፊታቸውን ወደ እኔ ያዘነብሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጠይቁኝ ጀመር።

«አሁንስ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ» እላለሁ። እየቀለዱ አልነበረም።

አሸነፍኩ። አዲስ አበባም ሄድኩ። አሁንም ግን ቤታችን መብራት ሲጠፋ አፌን በእጄ ይዤ፣ እስኪመጣ ድረስ ምንም ነገር ላለማሰብ እሞክራለሁ።