ሲራድ ያላነበበችው መጽሐፍ

ሐርጌሳ ገበያ መሀል፣ ከእኔ የፎቶኮፒ ሱቅ ግድግዳ ተጠግታ፣ ሲራድ ጉሌድ መጻሕፍቷን በሦስት ረጃጅም ጠረጴዛዎች ላይ ዘርግታ ትውላለች። ከራሷ በላይ በሰማያዊ ቀለም የተጻፈበት ጣውላ ተሰቅሏል፦ «ያላነበብኩትን አልሸጥም።» አሥራ አራት ዓመት ጎረቤቷ ሆኜ ያ ጣውላ ሲዋሽ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያኔም መላው ሰፈር አብዶ ነበር፤ እኔም አብሬ።

ሲራድ ለገዢ ቶሎ ብላ መጽሐፍ አታነሳም። መጀመሪያ ፊቱን ታያለች፤ ከዚያ ከመጽሐፍ ጋር ምንም የማይገናኝ ጥያቄ ትጠይቀዋለች። ቢሌ የሚባለውን የሚኒባስ ሾፌር «ተሳፋሪ እስኪሞላልህ ስንት ደቂቃ ትጠብቃለህ?» ብላ ጠየቀችው።

«እንደ ቀኑ ነው። ሃያ፣ ሃያ አምስት።»

እያንዳንዱ ታሪክ በሃያ ደቂቃ የሚያልቅ የአጫጭር ልብ ወለድ መድበል ሰጠችው። በሳምንቱ ተሳፋሪዎች ሰብሰብ ብለው ሊከሷት መጡ። መኪናው ሞልቶ እንኳ ቢሌ «ታሪኩ ሳያልቅ ሞተር አላስነሳም» እያለ አስቸግሯቸዋል።

አንድ የአሥር ዓመት ልጅ ደግሞ «ሰው የሚበላ ነገር ያለበት» ብሏት ስለ ሻርክ የሚያወራ መጽሐፍ መርጣ ሰጠችው። እናቱ በንዴት ተንጨርጭራ መጣች። «በርበራ ድረስ ወስደነው ባሕር አልገባም አለ!»

«ባለፈው ዋና ሳይችል ይገባል ብለሽ ስታለቅሺ አልነበር እንዴ?» አለቻት ሲራድ። እናትየው ትንሽ አሰበችና ለራሷም አንድ አስመርጣ ሄደች።

ይህን ለሰው መጽሐፍ የመምረጥ ነገር የተማረችው ሐርቲሼክ የስደተኞች ጣቢያ ነው ትላለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። በእነሱ የድንኳን ረድፍ በጠቅላላው ሦስት መጻሕፍት ነበሩ፤ አንድ የሂሳብ፣ አንድ ሽፋን የሌለው ሰዋስው፣ አንድ የምግብ አሠራር። ከድንኳን ድንኳን የምታመላልሳቸው እሷ ነበረች። የምግቡን መጽሐፍ ሰው ተሰብስቦ ጮክ ብሎ ያነበዋል፤ እራታቸው የእርዳታ ዱቄት ገንፎ ሆኖ ሳለ፣ አንባቢዋ ሽንኩርቱ እሳት ላይ ወጣ ስትል አንዱ ሽማግሌ «ቶሎ አማስዪው፣ ሊያርርብሽ ነው!» ብሎ ይጮኻል። ሰው ሁሉ በሳቅ ይንፈራፈራል። ሚስቱ የሞተችበት አንድ ሰው ግን ከሂሳቡ ሌላ አይፈልግም ነበር። ቀኑን ሙሉ አሸዋ ላይ ያካፍላል፣ ያባዛል። «ለዚህ ነው» ትላለች ሲራድ፣ «ሐዘንተኛ ሲመጣብኝ ግጥም የማልሰጠው።»

አሁን ወደ አዴር ዋርሰሜ ልምጣ። «አዴር» አጎት ማለት ነው፤ እሳቸውን ሰፈሩ በሙሉ እንደዚያ ነው የሚጠራቸው። አርባ ዓመት የግመል ደላላ ሆነው ጡረታ የወጡ፣ ረጅም አንገት ያላቸው፣ አፋቸው የማያርፍ ሽማግሌ ናቸው። ፊደል ያውቃሉ፤ መጽሐፍ ግን ይንቃሉ። ከሲራድ ትይዩ ባለችው የኡባህ ሻይ ቤት ተቀምጠው በየቀኑ በነገር ይወጓታል።

«መጽሐፍ የሚያስፈልገው ለሚረሳ ሰው ነው። እኔ ሦስት መቶ ግጥም እዚህች ውስጥ አለኝ» ይላሉ ግንባራቸውን እየመቱ።

«ለዚህ ነዋ ለሌላ ነገር ቦታ የጠፋው» ትላለች ሲራድ።

አንድ ቀን ነገሩ ከረረ። ዋርሰሜ ተነስተው በሰው ፊት ተወራረዱ። «እስከ መጨረሻው የምጨርሰው አንድ መጽሐፍ ካገኘሽልኝ፣ ገበያው መሀል ቆሜ አንቺን የሚያወድስ ግጥም እገጥማለሁ። ካቃተሽ ግን ያን ጣውላ ታወርጃለሽ!»

ሲራድ በሳቅ እጇን ዘረጋች። ቀላል መስሏት ነበር።

መጀመሪያ ስለ ግመል የተጻፈ ሰጠቻቸው። በማግስቱ በእርሳስ አቆሽሸው መለሱት፤ ሠላሳ አንድ ቦታ አርመዋል። «ይህ ሰው ግመል ያየው በፎቶ ነው» አሉ። አንድ መርከበኛ የጻፈውን የጉዞ ታሪክ ሰጠቻቸው፤ «አልቃሻ ነው» ብለው ገጽ አርባ ላይ ተዉት። የፍቅር ታሪክ ሞከረች። እሱን ሲመልሱ ጆሯቸው ቀልቶ ነበር። «ልጅቷ ሁለት መቶ ገጽ ሙሉ እምቢ ትላለች! በእኛ ጊዜ ቢሆን ይኼኔ ሦስት ወልዳለች።»

ኡባህ ከሻይ ቤቷ ሆና «ሲራድ፣ ጣውላውን ለማገዶ እፈልገዋለሁ» አለቻት። ሰው ሳቀ። ሲራድ ግን በዚያች ቅጽበት ደሟ ፈላ። የዚያኑ ቀን ጠዋት ከጅግጅጋ አንድ ካርቶን አሮጌ መጻሕፍት መጥቶላት ነበር። እጇን ሰደደችና ከላይ ያለውን ወፍራም ቀይ መጽሐፍ አወጣች። በርበራ ውስጥ በገዛ ሠርጉ ማግስት ሞቶ ስለተገኘ ሀብታም ነጋዴ የሚተርክ የወንጀል ልብ ወለድ ነው። የጀርባውን ጽሑፍ ብቻ ነበር ያየችው።

ዋርሰሜ ተቀብለው አገላበጡት። «አንብበሽዋል?»

«እንዴ፣ አዴር! አንብቤዋለሁ እንጂ» አለች።

ዋርሰሜ ሁለት ቀን ጠፉ። የታመሙ መስሎን ነበር። በሦስተኛው ቀን ዓይናቸው ቀልቶ፣ ቀዩን መጽሐፍ ደረታቸው ላይ ለጥፈው ኡባህ ቤት ገቡ። ሻይ እንኳ ሳያዙ «ሐኪሙ ነው! ውሻ ሐኪም!» አሉ።

«የቱ ሐኪም?» አለች ኡባህ ደንግጣ።

ለማስረዳት ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም። በመጨረሻ «ተቀመጡ፣ ከመጀመሪያው ላንብብላችሁ» አሉ። መጽሐፉ እንዳያልቅባቸው ፈርተው መሀሉ ላይ ማቆማቸውን ቆይቶ ነው የነገሩን፤ አሁን ከሰው ጋር ሊጨርሱት ነው።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ፣ ከሰዓት በኋላ ከዐስር ሶላት መልስ፣ ያነቡልናል። የግጥም ሰው ስለሆኑ ድምፃቸው ልብ ይሰርቃል፤ ሟቹን ነጋዴ ሲሆኑ ድምፃቸውን ያጎረንናሉ፣ ጥርስ የሌላትን ቀልደኛዋን የሙሽራዋን አያት ሲሆኑ ድድ ብቻ ይሆናሉ። መጀመሪያ ስድስት ነበርን። በሦስተኛው ቀን መንገድ ዳር ገንዘብ ከምረው የሚመነዝሩት ነጋዴዎች ክምራቸውን ሸፍነው መጡ። በአራተኛው ቀን የሁለተኛ ደረጃ ሴት ተማሪዎች ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ መሬት ላይ ተቀመጡ። ቢሌ ተሳፋሪዎቹን ይዞ መጣ፤ እነሱም አልከሰሱትም።

ሰፈሩ ለሁለት ለሦስት ተከፈለ። ዋርሰሜና ቢሌ ገዳዩ ሐኪሙ ነው አሉ። ኡባህ የሟቹ ወንድም ነው ብላ ማለች፤ የሐኪም ወገን ለሆነ ሰው ስኳር መቀነስ ጀመረች። እኔ በምግብ አብሳዩ ላይ ፈረድኩ።

«አንተ ፎቶኮፒ፣ ምስኪን ሠራተኛ ላይ ነው አቅምህ?» ብላ አንዷ ተማሪ አሳፈረችኝ። ስሜ እዚያ ፎቶኮፒ ነው፤ ሌላ ስም እንዳለኝ የሚያውቅ የለም።

ሲራድስ? ሲራድ ጥግ ላይ ቆማ እንደ ሁላችን ጥፍሯን ትበላ ነበር። የሚነበበው ሁሉ ለእሷም አዲስ ነው፤ ግን እንዳነበበ ሰው ፈገግ እያለች «ዝም ብላችሁ ስሙ» ትላለች። አንዴ ነጋዴው መርዙን የጠጣው በሻይ መሆኑ ሲነበብ ከሁላችንም ቀድማ «ውይ!» አለች። ማንም ልብ አላላትም።

በሰባተኛው ቀን መርማሪው ሰዎቹን ሁሉ ሳሎን ሰበሰባቸው። ዋርሰሜ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። መንገድ ላይ ጋሪ የሚነዳው እንኳ አህያውን ይዞ ቆመ። «ገዳዩ እዚህ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል አለ መርማሪው። እጁንም ቀስ ብሎ አነሳና...»

ገጹን ገለጡ። መልሰው ገለጡ። ከዚያ በኋላ ያለው ባዶ ሽፋን ነው። የመጨረሻዎቹ ቅጠሎች ከሥራቸው ተቀደዋል።

የተነሳው ጩኸት! ኡባህ ራሷን ያዘች። ቢሌ መጽሐፉን ነጥቆ አራገፈው፣ ገጾቹ ከውስጡ የሚወድቁ ይመስል።

«ቆይ፣ ቆይ!» አሉ ዋርሰሜ። «ምን ያስጮኻችኋል? ሲራድ አንብባዋለች አይደል! ሲራድ፣ ማነው?»

መቶ ሰው ዞሮ አያት። አፏን ከፈተች። «ሐኪሙ ነው» ማለት ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ እንደነበር በኋላ ነግራኛለች። ግማሹ ሰው ባቀፋት፣ ዋርሰሜም ባመኗት ነበር። ግን ፊት ለፊቷ ያች ያሳፈረችኝ ተማሪ ትንፋሿን ይዛ ታያት ነበር፤ ለዚያች ልጅ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ መጽሐፍ የመረጠችላት እሷ ናት።

«አላነበብኩትም» አለች ሲራድ። «ዋሽቻለሁ። በእልህ ነው የሰጠኋቸው።»

ማንም አልሳቀም። ሄዳ በርጩማ ላይ ወጣችና ጣውላውን ራሷ አወረደች። ዋርሰሜ ደስ ይላቸዋል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ተቆጡ።

«የጣውላው ነገር ይቆየን! አሁን ጣውላ ይዘን ምን እናደርጋለን? ገጾቹን ፈልጊልኝ!»

ሲራድ ዕንባዋን ጠርጋ ስልኳን አወጣች። ካርቶኑን የላከላት የጅግጅጋ ነጋዴ፣ የገዛው ገቢሌ ከተማ ከሚኖሩ ካሂን ከሚባሉ ጡረተኛ መምህር ነው ብሎ ቁጥራቸውን ሰጣት። ለእሳቸው ደወለች፤ ሁላችን እንድንሰማ ስልኩን በድምፅ ማጉያ አደረገችው።

«እኔ ነኝ የቀደድኩት» አሉ መምህሩ፣ ጉዳዩን ገና ሳትጨርስ። «አላፍርበትም። የምወደው ሰው ገዳይ ሆኖ ተገኘ። ከእሱ ጋር አንድ ቤት ማደር አልቻልኩም።»

«ወንድምየው ነው ይበሉ!» ብላ ኡባህ ጮኸች።

«ኧረ ማን ይወደዋል እሱን!» አለ ቢሌ።

«ገጾቹን ጣሏቸው?» አለች ሲራድ።

«መጽሐፍ ይጣላል እንዴ ልጄ? አስቀምጫቸዋለሁ። ግን በስልክ አልናገርም። እንዲህ ያለ መርዶ በስልክ አይነገርም።»

በማግስቱ ጠዋት የቢሌ ሚኒባስ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ወደ ገቢሌ ተነሳን። ኡባህ ሁለት ትልልቅ ፔርሙስ ሻይ ይዛለች፤ ለወገኖቿ ብቻ። ዋርሰሜ ሽቶ ተቀብተዋል። ሲራድ ከኋላ ወንበር አንገቷን ደፍታ ተቀምጣ ነበር፤ መንገድ ላይ ክርክሩ ሲጦፍ ግን አልቻለችም፣ «ቁልፉን ግን ማን ያዘው? እስቲ እሱን መልሱልኝ!» ብላ ዘላ ገባችበት። ቢሌ ሐኪሙን ሲከስ መሪውን ለቆ በሁለት እጁ ያስረዳ ነበር። አንዲት አሮጊት ተሳፋሪ በመስኮት አየት አድርገው «ልጆች፣ ገቢሌን አልፈን መሰለኝ» ሲሉ ነው የነቃነው። አሥር ኪሎ ሜትር አልፈናት ነበር።

መምህር ካሂን ሽርጣቸውን አገልድመው ደጃፍ ላይ ጠበቁን። ስድስት ሰው ገምተው ኖሮ ሃያ አንዳችን ስንወርድ አፋቸውን ያዙ። የግመል ወተት አጠጡን፤ ከዚያ አራት ቅጠሎች ከቁም ሳጥን አውጥተው ለዋርሰሜ ሰጧቸው። «አንብቧቸው። እኔ ግን አልሰማም» ብለው ጆሯቸውን ደፈኑ።

ዋርሰሜ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እጁንም ቀስ ብሎ አነሳና ወደ... ወደ ሙሽራዋ አያት ጠቆመ።»

አያትየው! ያች ድድ ብቻ የሆነች፣ በቀልዷ ሰባት ቀን ያሳቀችን! ኡባህ «ዋይ!» ብላ ፔርሙሱን ለቀቀችው። ቢሌ ጫማውን ሳያደርግ ወደ መንገድ ሮጦ ወጣ። ዋርሰሜ ግን ወረቀቱን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ፤ ትከሻቸውም መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። ሳቅ ነው፤ ኮፍያቸው እስኪወድቅ ሳቁ።

«በላችን! ወላሂ ሁላችንንም በላችን! ገጽ አሥራ ሁለት ክፈቱ፤ ሻዩ ጣፈጠህ ወይ ብላ ሦስት ጊዜ ጠይቃዋለች እኮ! ሦስት ጊዜ! እኔው ራሴ በድድ አነበብኩላችሁ!»

መምህር ካሂን ጆሯቸውን ከፍተው «አያችሁ? አያችሁ ለምን እንደቀደድኩት?» ይላሉ፣ እሳቸውም እየሳቁ፣ ዕንባቸው እየወረደ። የሰፈሩ ሰው ሠርግ አለ ብሎ መጣ።

ሐሙስ ዕለት ዋርሰሜ ቃላቸውን ጠበቁ። ገበያው መሀል ቆመው ግጥሙን ለቀቁት፤ አንዲት ስንኝ ላይ ሲራድን ስለ ውሸቷ ሸንቆጥ አድርገዋታል፣ እሷ ከሁሉም አብልጣ ሳቀች። ጣውላውንም በቀለም አሻሽላ ሰቀለችው፤ አሁን «ያላነበብኩትን ያላነበብኩት ነው እላለሁ» ይላል። ቀዩን መጽሐፍ እኔ ገጾቹን አጣብቄ ጠገንኩት። አልተሸጠም፤ በተራ ይዋሳል።

ትናንት በሲራድ ጠረጴዛ በኩል ሳልፍ ፊቷ ባልና ሚስት የሆኑ ሁለት ሽማግሌዎች ቆመው ነበር። ባልየው ጦርነት፣ ሚስትየው ፍቅር ይፈልጋሉ፤ መነጽራቸው ግን አንድ፣ የሚያነበውም አንድ ስለሆነ መጽሐፉም አንድ ይሁንልን ብለው ይዘዋታል።

«መነጽሩን አፍንጫው ላይ የሚያደርገው ማነው?» አለች ሲራድ።

«እኔ ነኝ» አሉ ሚስትየው።

«እንግዲያው አዴር» አለች ወደ ባልየው ዞራ፣ «ዘንድሮ ፍቅር ነው የሚሰሙት።»