ባልባላ የተሰጠው ቀይ ሬዲዮ

ነገር ሁሉ የተበላሸብኝ በዚያ ዓርብ ነው። ጅቡቲ ላለን ኢትዮጵያውያን የእንቆቅልሽ አደን አዘጋጅቼ ነበር፤ አንዱን የፈታ ወደሚቀጥለው ቦታ ይሄዳል። እንቆቅልሾቹን የጻፍኩት የማኅበራችን አባላት ሁሉ ገብተው በሚያርሙት ድረ ገጽ፣ ዊኪ ላይ ሲሆን፣ መልሶቹን ግን እኔ ብቻ በማውቀው ገጽ ደብቄያቸዋለሁ። የመጨረሻው መልስ መሃል ከተማ ያለው ምኒልክ አደባባይ ነው። እዚያ ካፌ ውስጥ ሽልማቱን፣ አንድ ቀይ ሬዲዮ፣ ታቅፌ ጠበቅሁ። ማንም አልመጣም። አብራኝ ለምታዘጋጀው ለሰብለ ደወልኩላት።

«የት ቀራችሁ?»

«ባልባላ ሰፈር ነን እንጂ! ለአሸናፊው እያጨበጨብን ነው።»

«መልሱ እኮ ምኒልክ አደባባይ ነው!»

«አንተ ደግሞ! የራስህን መልስ ረሳኸው? የራሱን መልስ ካላወቀ ዲግሪው ምን ሊሠራለት ነው እያሉ እየሳቁብህ ነው።»

ዊኪውን ከፈትኩ። እንቆቅልሹም፣ የተደበቀው መልስም ወደ ባልባላ ተቀይረዋል። ቀያሪው ተብሎ የተመዘገበው ስም የእኔው ነው።

«እሺ፣ ሽልማቱን ይዤ ልምጣ» አልኳት ግራ ገብቶኝ።

«የምን ሽልማት? የላክኸው ሰውዬ ቀዩን ሬዲዮ ለአሸናፊው ሰጠው እኮ!»

እኔ የላክሁት ሰው የለም። መልሱን የሚረሳ ብለው ከአዘጋጅነት አነሱኝ። ሬዲዮዬ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ባልባላ ቆመህ የነበርከው ሰውዬ፣ ማን ነህ? መልስልኝ እንጂ!