ወደ ፊት የሚራመደው ኢላማ

ሙሐመዲን ጂዳ ባሕር ዳር ወዳለው ኦብሑር የመጣው ሳር ሊያጠጣ ነው። ሲሄድ ግን የጌታውን ቀስት ከጌታው በላይ የሚያውቅ ሰው ሆኖ ሄደ። ይህን የምነግራችሁ እኔ ራቢዓ ነኝ፤ በዚያ ቤት ዘጠኝ ዓመት ምግብ አብስያለሁ። የወጥ ቤቱ መስኮት ፊት ለፊት ወደ ሳሩ ስለሚያይ፣ ሳህን እያጠብኩ ያመለጠኝ ነገር የለም። ያመለጠኝንም ሙሐመዲን ራሱ ነግሮኛል። ሆዱ ውስጥ ነገር የሚያሳድር ሰው አይደለም፤ መከራውም የመጣው ከዚሁ ጠባዩ ነው።

የአገሬ የወረባቦ ልጅ ነው። ሳዑዲ የገባው በደንብ ቪዛ ተመቶለት፣ ከጣኢፍ ወዲያ ግመል ሊጠብቅ ነበር። ከፊሉ፣ ቪዛውን ያወጣለት አሠሪ ማለቴ ነው፣ ስምንት ወር ሙሉ ደመወዝ "ነገ፣ ነገ" ሲለው ጊዜ ግመሎቹን ለፈጣሪያቸው ትቶ መካ ወረደ። ከፊሉም ጠፋብኝ ብሎ አስመዘገበው። ከዚያ ወዲህ ነካሳ በሚባለው የመካ ሰፈር ዳገቱ ላይ ከስድስት ሰው ጋር አንድ ክፍል ተከራይቶ፣ የተገኘውን የቀን ሥራ ሲሠራ፣ ብሎኬት ሲሸከም ኖረ። አትክልተኛ ሲፈለግ እኔ ነኝ ጠርቼ ያስገባሁት።

የቤቱ ጌታ አቡ ሳሊም ይባላል። ሲሚንቶ ነግዶ የጠገበ፣ ሆዱ ከሱ ቀድሞ በር የሚገባ ሰው ነው። ሐኪሙ "ተንቀሳቀስ" ቢለው፣ ሌላው ሰው ባሕሩ ዳር ሲራመድ እሱ ሄዶ ቀስት ገዛ። ቀስቱስ ደግ፤ አንዴ ከተገዛ ተገዛ ነው። ጉዱ ያለው ፍላጻው ላይ ነው። አንዷ ቀጭን ዘንግ፣ መቃ የምታህል፣ ሰባ ሪያል! የሙሐመዲን የቀን ደመወዝ ስልሳ ነው።

"እትዬ ራቢዓ፣ እኔኮ ከአንዷ ዘንግ በአሥር ሪያል እረክሳለሁ" ይለኝ ነበር እየሳቀ።

ኢላማው በሦስት እግር እንጨት ላይ የቆመ ክብ ጭድ ነው፤ መሐሉ ቢጫ። ከኋላው የድንጋይ አጥር አለ፣ ከአጥሩ ወዲያ ባሕር። አቡ ሳሊም ሲስት ፍላጻው ወይ አጥሩን መቶ ይሰነጠቃል፣ ወይ ተሻግሮ ባሕር ይገባል። ያን ጊዜ ሙሐመዲን ሱሪውን ሰብስቦ ውኃ ውስጥ ሲዳብስ፣ ባባ ደግሞ፣ አቡ ሳሊምን እንዲህ ነው የምንጠራው፣ አጥሩ ላይ ተደግፎ "ሰብዒን ሪያል! ያ ሙሐመዲን፣ ሰብዒን ሪያል!" እያለ የፍላጻዋን ዋጋ ይጮኻል። አሥር ወርውሮ አራቱ ኢላማውን ካገኙ ያ ቀን ዒድ ነው። ካላገኙ እኔም ጣጣው ይደርሰኛል፤ ሩዙ ጨው በዛበት፣ ሻዩ ቀዘቀዘ።

እንግዲህ ሙሐመዲን ምን አደረገ? ሰው ቤት ተቀጥሮ የሠራ ሁሉ የሚያደርገውን አደረገ። እኛ ዋናው ሥራችን ምግብም ሳርም አይደለም፤ ባለቤቶቹ የፈለጉት ነገር የሆነላቸው እንዲመስላቸው ማድረግ ነው። ማዳም የዛሬ አምስት ዓመቷን ቀሚስ በግድ ስትለብስ "ማሻአላህ፣ ልክሽ ነው" የምለው እኔ ነኝ። ሙሐመዲን ደግሞ ሳር ባጠጣ ቁጥር ኢላማውን አንስቶ መልሶ የሚተክለው እሱ ነበርና፣ ሲመልሰው አንድ ስንዝር ወደ ባባ ያስጠጋው ጀመር።

አንድ ስንዝር ምንም አይደለችም። ግን ሳሩ በየቀኑ ይጠጣል። ሁለት ወር ሳይሞላ ሰላሳ ሜትር የነበረው ሃያ ላይ ደረሰ፤ ሙሐመዲን በእርምጃው ለክቶ ነግሮኛል። አቡ ሳሊም ግን መለካት የሚባል ነገር አያውቅም። ፍላጻዎቹ ቢጫው ላይ ይሰካሉ፣ እሱ ይጨፍራል። ከፍ ከፍ እያሉ ሲያስቸግሩት ጊዜ ቀስቱ ላይ ያለችውን ማነጣጠሪያ እያስተካከለ "ክንዴ በረታ! ሆዴ ጠፍቶ ወደ ክንዴ ሄደ!" አለ። ሪያድ ላለው ለልጁ ለሳሊም ደውሎ ፎከረ። እኔ ወጥ ቤት ወለል ላይ ተቀምጬ በመሐረብ አፌን ይዤ ሳቅሁ። ፍላጻም አይሰበርም፣ ሩዜም ጨው አይበዛበትም፣ ቤቱ ሰላም ሆነ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ዓመቱ ክፉ ዓመት ነበር። መንግሥት በሌላ ሰው ስም የሚሠራ፣ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለው፣ ከከፊሉ የጠፋ ሁሉ ወይ ስሙን አሠሪው ላይ ያዙር ወይ ይውጣ ብሎ የምሕረት ጊዜ ሰጥቷል። የመጨረሻው ቀን ጥቅምት 24፣ እሑድ ነው። ሰኞ አፈሳ ነው። ሙሐመዲን ወደ አገር መሄዱን እንኳ እንዲህ አይፈራም፤ የፈራው ሀሲናን ትቶ መሄድ ነው። ሀሲና መካ፣ ጀርወል ሰፈር፣ ሰው ቤት የምትሠራ እጮኛው ናት። የሷ ወረቀት ሁለት ዓመት ይቀረዋል፤ እናቷም በደመወዟ ነው የሚታከሙት፣ ጥላ አትሄድም። እሱ ከተጫነ እሷ ትቀራለች። "በስልክ ባል አልፈልግም" ብላዋለች ቁርጥ አድርጋ።

እኔ ደግሞ አቡ ሳሊምን አውቀዋለሁ፤ ሲደሰት ያገኘው ወረቀት ላይ ሁሉ ይፈርማል፣ ሲያኮርፍ እስክሪብቶ ይደብቃል። ስለዚህ መስከረም መግቢያ ላይ፣ ስምንት ፍላጻ ወርውሮ ስምንቱንም ያገባበትን ቀን ጠብቄ ሻይ ይዤ ቀረብኩና "ባባ፣ የሙሐመዲን ነገር" አልኩት።

"ጂዳ ክለብ ውድድር አለ" አለኝ። "የመጨረሻው ቀን ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ጁምዓ። ሰው ፊት ሳላፍር ከተመለስኩ እሑድ ጠዋት የአሠሪ ወረቀቱን፣ ከፋላውን፣ ወደ ስሜ አዞርለታለሁ። ወላሂ!"

እየሮጥኩ ወጥቼ ለሙሐመዲን ነገርኩት። የሚስቅ መስሎኝ ነበር። ውኃ የሚያጠጣበት ጎማ ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ።

"ውድድሩ ላይ ስንት ሜትር ነው የሚወረውሩት?"

"ሰላሳ ነዋ፣ ምን ሊሆን ነው።"

"እኛ ሃያ ላይ ነን እኮ፣ እትዬ ራቢዓ።"

ያን ጊዜ ሳቄ ጠፋ። በገዛ እጁ ያስጠጋው ጭድ ኢቃማውን ይዞበት ቆሟል። ወደ ኋላ ቢመልሰው ባባ ይስታል፣ ያኮርፋል፣ ወረቀቱ ይቀራል። ባይመልሰው ጁምዓ ዕለት ባባ ሰው ፊት ይዋረዳል፣ ወረቀቱ ያኔም ይቀራል። ያለው መንገድ አንድ ነው፤ ኢላማው በስንዝር ወደ ኋላ ሲሄድ ሰውየው በእውነት ወርዋሪ መሆን አለበት።

ግመል ጠባቂ ይህን ከየት ያውቃል ትሉ ይሆናል። ሙሐመዲን ግን ወራት ሙሉ ፍላጻ ሲለቅም የኖረ ነው፤ የት እንደሚያርፉ ከሱ በላይ ያየ የለም። መጀመሪያ ማዳም የጣለችውን ቀይ የጥፍር ቀለም ከእኔ ወሰደና ፍላጻዎቹ ላይ ነጥብ አደረገባቸው፤ አንዷ ላይ አንድ፣ ሁለተኛዋ ላይ ሁለት፣ እንዲህ እያለ እስከ አሥራ ሁለት። በሳምንቱ አራተኛዋና ዘጠነኛዋ እንዴትም ቢወረወሩ ወደ ግራ የሚሄዱ መሆናቸውን ደረሰበት። ላባቸው ተጣሞ ነበር። እነሱን መጋዘን ከተታቸው። "አየሽ፣ ፍላጻ እንደ ሰው ነው፣ ጠባዩን ካወቅሽ አያስቸግርም" አለኝ፤ ትንሽ ትንሽ አዋቂ መሆን ጀምሯል።

ቀጥሎ ባባን ተመለከተው። ባባ ቀስቱን እንደ ባልዲ እጀታ ጨምድዶ ይይዛል። የባሰው ደግሞ፣ ፍላጻው ገና ከገመዱ ሳይለቅ የት እንዳረፈ ለማየት ቀስቱን ያወርዳል። ይህን ለጌታ እንዴት ይነግሩታል? ሙሐመዲን በዚያች ስብርባሪ ዐረብኛው ነገረው።

"ባባ፣ ኢማሙ አሰላምቶ ሶላቱን ሳይጨርስ የሚነሳ ሰው ሶላቱ አለው?"

"የለውም።"

"አንተም ፍላጻው ሳያሰላምት ትነሳለህ።"

እኔ መስኮቱ ጋ ሆኜ የማጥበውን ሳህን አስቀመጥኩ። አቡ ሳሊም ሆዱ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍላጻው ከለቀቀ በኋላ ቀስቱን ሳያወርድ "አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላህ" ብሎ፣ በልቡ ቆጥሮ ነበር የሚያወርደው። ወላሂ፣ አስተካከለው! ኢላማው ስንዝር በስንዝር ወደ ኋላ ሲሄድ ፍላጻዎቹ ቢጫውን አልለቀቁም። አልፎ አልፎ አንዷ ስታመልጥ ባባ ማነጣጠሪያውን ነካ ያደርጋል፣ ይቀጥላል።

ቀኑ ግን ሮጠ። ሙሐመዲን ባባ እንዳያውቅበት ፈርቶ በየቀኑ አልመለሰውም ነበርና፣ ውድድሩ ነገ ሊሆን፣ ሐሙስ ዕለት፣ ኢላማው ገና ሃያ ስድስት ላይ ነው። አራት ሜትር በአንድ ቀን ቢገፋ ዕውር እንኳ ያውቅበታል።

"ዝም በል" አልኩት። "አራት ሜትር ምንድን ነች? አላህ ይጨምርለታል።"

"ማነጣጠሪያው ለሃያ ስድስት ነው የተስተካከለው። እዚያ ሄዶ ሲወረውር ሁሉም ወደ ታች ይወርዱበታል። ለምን እንደሆነ እንኳ አያውቅም።"

"ታዲያ ልትነግረው ነው? ኢቃማህስ? ሀሲናስ?"

"ሀሲናን ደውዬ ጠየቅኋት" አለኝ። "'ውሸቱን የተከልከው አንተ ነህ፣ ንቀለው' አለችኝ።"

ተናደድኩ። ጀርወል ተቀምጣ ማዘዝ ቀላል ነው፣ እዚህ መጥታ ሩዟን ትቀቅል አልኩኝ። እውነቱን ለመናገር ለሱ ብቻ አይደለም የተናደድኩት፤ ሥራ ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ ነገሩ እኔም ላይ ይመጣል ብዬ ፈርቻለሁ።

ከዐስር ሶላት በኋላ ሄዶ ነገረው። ድምፁ አይሰማኝም፤ እጁን ብቻ ነው ያየሁት። መጀመሪያ ስንዝሩን ዘርግቶ አሳየ፣ ከዚያ ሳሩን በክንዱ አመለከተ። አቡ ሳሊም ቀስቱን ሳሩ ላይ አስቀመጠና ቤት ገብቶ ሜትር ይዞ ወጣ። ለካ። ሃያ ስድስት።

"ስንት ደርሶ ነበር?" አለው። ይህን ጮኾ ስለጠየቀ ሰማሁት።

"ሃያ፣ ባባ።"

ፊቱ አመድ መሰለ። ለሳሊም የፎከረው ሁሉ ትዝ ሳይለው አልቀረም፤ እኔ እንኳ አሳዘነኝ። "ኻላስ" አለ፣ በእጁ ሂድ ብሎ ምልክት ሰጠው። ሙሐመዲን ግቢው ውስጥ ወደምታድረው ክፍሉ ገባ። ባባ ኢላማውን በራሱ ትከሻ ተሸክሞ ሰላሳ ላይ ተከለው፣ እስከ መግሪብ ድረስም ብቻውን ወረወረ። ብዙ ሳተ። ሦስት ፍላጻ አጥሩ ላይ ሲሰነጠቅ ቆጠርኩ። አንድም ጊዜ "ሰብዒን ሪያል" ሲል አልሰማሁም፤ ይሄ ነው ያስፈራኝ።

ጁምዓ ዕለት ብቻውን ሄደ፣ ማታ ሲመለስ ለማንም አልተናገረም። ቅዳሜም እንዲሁ። ሙሐመዲን ሻንጣውን አሠረ፤ ሻንጣ ማለቴ ፌስታል ነው። ነካሳ ያሉት ጓደኞቹ በራሳቸው ፈቃድ እጃቸውን ሊሰጡ ተሰናድተዋልና አብሯቸው ሊሄድ ነው። እኔ ያን ዕለት ሩዙን እውነትም ጨው አበዛሁበት።

እሑድ ጠዋት አቡ ሳሊም ወጥ ቤት በር ላይ ቆመ።

"ሰባተኛ ወጣሁ" አለኝ። "ከአሥራ አንድ ሰው። ባይነግረኝ ኖሮ አሥራ አንደኛ ነበርኩ። ሐሙስ ማነጣጠሪያዬን አስተካክዬ ባልሄድ ፍላጻዎቼ ሁሉ መሬት ይበሉ ነበር።" በመስኮቴ ወደ ሳሩ አየ። "ሳቃችሁብኝ አይደል፣ አንቺም?"

"አዎ ባባ" አልኩት።

"ጥሪው። ፓስፖርቱን ይያዝ።"

አብረው ሄዱ። የኢሚግሬሽን ቢሮው ደጃፍ ላይ ሰው እንደ ሐጅ ነው አሉ፤ ከዐስር ሶላት በኋላ ነው የተመለሱት። ሙሐመዲን ወረቀቱን ሸሚዙ ውስጥ አድርጎ፣ በየደቂቃው ይዳብሰዋል። ባባ ግን ከመኪናው ሳይወርድ ፍርዱን ሰጠ።

"ስምህ ስሜ ላይ ነው። ግን ሳሬ ላይ ላይህ አልፈልግም። መካ ጀርወል የማከራየው ሕንፃ አለኝ፣ እዚያ በር ጠብቅ። ያላ፣ ከዓይኔ ጥፋ!"

ጀርወል! ሀሲና ካለችበት ሁለት መንገድ ተሻግሮ! ሙሐመዲን በቅጣቱ የተሰበረ ሰው መስሎ አንገቱን ደፋ፤ እኔ ግን ጥርሱን አየሁት። ሰኞ አፈሳው ሲጀመር እሱ በሩ ላይ ወንበር ዘርግቶ ተቀምጦ ነበር። ነካሳ የነበሩት ስድስቱ አንድ ባንድ ተጭነው ሄዱ። ስማቸውን እየጠራ በስልክ ሲያለቅስ ሰማሁት፣ አብሬው አለቀስኩ። ኒካሑ በወሩ ሆነ፤ ሽሮ ሳይሆን ካብሳ፣ የዐረቦቹ ሩዝ በሥጋ፣ ነው የተበላው፣ ያበሰልኩትም እኔ ነኝ።

አቡ ሳሊም አሁንም ይወረውራል። ኢላማው ሰላሳ ላይ በብረት ተቸንክሯል። እንዲያም ሆኖ ቤቱ ያሉትን ሁሉ ስለማያምን በየቀኑ በሜትር ይለካዋል። ግን ኢላማው ዘንድ ቆሞ የሚያይለት የለም። አንድ ቀን ወረወረና ፀሐይዋ ዓይኑ ላይ ስለገባች የት እንዳረፈ አላየም። ወደ መስኮቴ ዞረ።

"ያ ራቢዓ! የት ሄደች?"

ዘጠኝ ዓመት የለመደው ምላሴ "ማሻአላህ፣ መሐሉ ላይ" ሊል ተዘጋጅቶ ነበር። እጄ ሳሙና ነው። መስኮቱን በክርኔ ከፈትኩት።

"ወደ ግራ፣ ባባ" አልኩት። "ወደ ታችም ወርዳለች። ቀስቱን ቶሎ አወረድከው።"

አንድ አፍታ አየኝ። ከዚያ ሌላ ፍላጻ አወጣ።