ልጅቷ አትዋሽም

ጋሽ ብሩሽ ሃምሳ ሦስት ዓመት እስኪሞላው ድረስ የገዛ ገንዘቡን ልክ የሚያውቀው ከሰው አፍ ነበር። ሲወለድ ጀምሮ ዓይነ ስውር ነው። ጣቱ ግን ጉድ ነው። በእንጨት ገበታ ላይ የተበሱትን ስልሳ ቀዳዳዎች እየዳሰሰ፣ ቃጫውን በሽቦ እጥፍ አድርጎ እየሳበ፣ ከጧት እስከ ምሳ ስድስት ብሩሽ ይጨርሳል። የሰፈሩ ሰው ዋና ስሙን ትቶ ጋሽ ብሩሽ የሚለው ለዚህ ነው። የገንዘብ ኖት ግን እንደ ቃጫ በጣት አይለይም፤ አርጅቶ ከተጨማደደ ትልቁም ትንሹም አንድ ነው። ገዢ “ይኸው መቶ” ካለ መቶ ነው። ሃምሳ አስጨብጦት መቶ ነው ያለም ሞልቷል።

ጆሮውም ከጣቱ አያንስም። ሰው ሲዋሽ ትንፋሹ ከቃሉ ይቀድማል ባይ ነው። ጎረቤቶች ዕቃ ሲጠፋባቸው የጠረጠሩትን ሰው ሰበብ ፈልገው እሱ አጠገብ ያስቀምጡና ስለ አየር ሁኔታ ያጫውቱታል። ሰውዬው ሲሄድ ጋሽ ብሩሽ ራሱን ይነቀንቃል፤ ወይ ላይ ታች፣ ወይ ግራ ቀኝ። አብዛኛውን ጊዜ አይስትም ነበር።

የዓይኑን ሥራ የምትሠራለት ታላቅ እህቱ ናት። እትዬ ይላታል። ሁለቱም አላገቡም፤ በአንድ ፎቅ ላይ ሁለት ጠባብ ክፍል ይዘው አብረው አርጅተዋል። እሷ ዕድሜዋን የጨረሰችው የሰው ልብስ በማጠብ ነው። በየቀኑ ከሥራ ስትመለስ የእሱን ሽያጭ ኖት በኖት ለይታ፣ ጮክ ብላ ቆጥራ፣ ሳጥን ውስጥ ትቆልፋለች። ከዓይነ ስውራን ማኅበር የሚመጣ ደብዳቤ ሲኖር ቆማ ታነብለታለች። ከልጅነቱ ጀምሮ በአንዲት ሳንቲም ተሳስታበት አታውቅም። ችግሩ ሌላ ነው። ሸሚዝ መግዛት ሲፈልግ “ያለህ ምን ሆነ?” ትለዋለች። ለጓደኛው ሻይ ሊጋብዝ ቢያስብ “እሱስ ጋብዞህ ያውቃል?” ትላለች። ጺሙ የሸበተ ሰው በገዛ ላቡ ገንዘብ እንደ ሕፃን መለመን መረረው።

ነገሩን የለወጠው የመንገዱ ጥግ ላይ ያለው ስልክ ጠጋኝ ነው። የጋሽ ብሩሽ ስልክ የተጻፈውን ሁሉ በሴት ድምፅ ታነባለች፤ ጠጋኙ በዚያ ላይ የክፍያ አፕ ጫነለት። የምስጢር ቁጥሩን ራሱ ጋሽ ብሩሽ እንዲመርጥ አድርጎ፣ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ከዚያ የቀረው ሳጥን ውስጥ ያለውን ገንዘብ ወደ ስልኩ ማስገባት ብቻ ነበር። ይህን ለእህቱ ነገራት። “ሰረቅሁህ?” አለችው። አልሰረቅሽኝም፣ የራሴን ገንዘብ በራሴ ጆሮ ልስማው ብዬ ነው አላት። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ ወጣች። ከዚያ ቀን ወዲህ በአንድ ቤት ውስጥ ሆድና ጀርባ ሆነው ሰነበቱ።

የሆነ ሆኖ ገንዘቡ ስልኩ ውስጥ በገባበት ዕለት ከሰዓት ጋሽ ብሩሽ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈ። “ቀሪ ሂሳብዎ አርባ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ነው” አለችው። እንደገና ጠየቃት። እንደገና ነገረችው። ሳትቆጣ፣ ለምን ፈለግኸው ሳትል፣ ሰባት ጊዜ ጠይቋት ሰባት ጊዜ መለሰችለት። እጅን በአፍ የሚያስጭን ነገር ነው። በዚህ ዓለም ላይ ምን ያህል እንዳለው ማንንም ሳይጠይቅ አወቀ። እንባው መጣ፤ አላፈረበትም። ከዚያ በኋላ “ልጅቷ” እያለ ይጠራት ጀመር። ልጅቷ እንዲህ አለች፣ ልጅቷ እንዲህ ነገረችኝ፤ የሰፈሩ ሰዎች ልጅ ወለደ እንዴ ብለው እስኪስቁበት ድረስ። ትንፋሽ ስለሌላት ትንፋሿ ከቃሏ አይቀድምም፤ ስለዚህ ልጅቷ አትዋሽም አለ። የማያሳስት ጆሮ ያለው ሰው የደረሰበት ድምዳሜ ይህ ነበር።

ገንዘቡን ለምን እንደፈለገው ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሥራውን የሚሠራው በፎቁ ኮሪደር ላይ ነው፤ አላፊ አግዳሚው ቃጫውን እየረገጠበት። ከታች፣ መንገድ ዳር፣ በሯ ወደ ሰው የተከፈተች አንዲት ክፍል ተለቅቃለች። አከራይዋ የስድስት ወር ቅድሚያ ክፍያ ጠየቀች፣ አርባ ሁለት ሺህ። ሐሙስ ካልከፈለ ሌላ ሰው እንደሚገባባት ቁርጡን ነገረችው። ጋሽ ብሩሽ ሄዶ ክፍሏን በእጁ ለካት፤ የገበታ እንጨቱ የሚደረደርበትን፣ ሽቦው የሚሰቀልበትን፣ እሱ ተቀምጦ ደንበኛ የሚቀበልበትን ሁሉ ወሰነ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ በር ሊቀመጥ ነው።

ማክሰኞ ጧት ብሩሽ እየሠራ ልጅቷ ተናገረች። “ስምንት ሺህ አምስት መቶ ገቢ ሆኖልዎታል።” ማን ይሆን እያለ ሲያስብ ስልኩ ጮኸ። የወጣት ድምፅ ነው። ለእናቱ መድኃኒት የሚላክ ገንዘብ በአንድ ቁጥር ስህተት እሱ ጋ እንደገባ፣ ፋርማሲው በር ላይ ቆሞ እየጠበቀ እንደሆነ፣ “አባቴ” እያለ አስረዳው። ትንፋሹ ከቃሉ ይቀድማል። ጋሽ ብሩሽ በደንብ ሰምቶታል፤ ጆሮው ቆሞ ነበር። ይህ ሰው ይዋሻል አለው ጆሮው። ግን ምኑን ነው የሚዋሸው? ገንዘቡ መግባቱን ልጅቷ ራሷ ነግራዋለች። ለመድኃኒት ነው ያለው ውሸት ቢሆን እንኳ፣ የሰው ገንዘብ የሰው ነው። መለሰለት። ልኮ ሲጨርስ ልጅቷ የሆነ ነገር ተናገረች፤ ወጣቱ ግን ስልኩን ሳይዘጋ ምርቃቱን እላይዋ ላይ አወረደባት። ዕድሜ ይስጥዎት፣ እጅዎ ይባረክ፣ ክፉ አይንካዎ፤ ምርቃቱ ሲያበቃ እሷም ጨርሳ ዝም ብላለች። ጋሽ ብሩሽ ደስ ብሎት ወደ ቃጫው ተመለሰ።

ሐሙስ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ አከራይዋ ዘንድ ሄደ። አርባ ሁለት ሺህ ብሎ ላከ። “ቀሪ ሂሳብዎ በቂ አይደለም” አለችው። ፈገግ አለ፤ የተሳሳተው እሱ መስሎት እንደገና ሞከረ። እንደገና ያንኑ አለችው። ስንት ነው ያለኝ ሲላት ሠላሳ አራት ሺህ ሰባት መቶ አለች። ያው ድምፅ ነው። ማክሰኞ “ገቢ ሆኖልዎታል” ያለችበት ያው ለስላሳ ድምፅ፤ አልተንቀጠቀጠችም፣ አላፈረችም።  ስንት ዓይን አውጣ ውሸታም በጆሮው መዝኖ የጣለ ሰው፣ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞት አያውቅም። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይሏል ይህ ነው። አከራይዋ ፊቱን አይታ እስከ ቅዳሜ ልጠብቅዎት አለችው።

መንገዱን እንዴት እንደመጣው አያውቀውም። ስልክ ጠጋኙ ጋ መሄድ ይችል ነበር፤ ግን አፑን የጫነው እሱ ነውና እሱንም ጠረጠረ። የሚያምነውን ሰው በልቡ ቢፈልግ አንድ ሰው ብቻ ቀረው። እቤት ሲደርስ እህቱ ልብስ እያጠፈች ነበር። ቆሞ ሁሉንም ነገራት። ከዚያ ስልኩን ዘረጋላት፤ የማክሰኞው መልእክት ከማን እንደመጣ አንብቢልኝ አላት።

ስልኩን ተቀበለችው።  ትንፋሿን ሰማ፤ ይገባል፣ ይቆማል፣ ይወጣል። ሃምሳ ዓመት አብሯት ኖሮ እንዲህ ስትተነፍስ ሰምቷት አያውቅም። የተናደደች መሰለው። ስድቡን ሊቀበል አንገቱን ደፋ።

“እኔ ፊደል አላውቅም፣ ወንድሜ” አለችው። “አንተን ትምህርት ቤቱ በር ድረስ አድርሼ ወደ ልብሴ እመለስ ነበር እንጂ፣ ገብቼ አላውቅም።”

“የማኅበሩ ደብዳቤስ?”

“ታች ያለው ልብስ ሰፊ ያነብልኛል። ደረጃውን እስክወጣ በቃሌ እይዘዋለሁ።”

ጋሽ ብሩሽ ያገኘው ወንበር ላይ ተቀመጠ። አራት ፎቅ ነው ደረጃው። ባለፈው ዓመት የመጣው የማኅበሩ ደብዳቤ ሁለት ገጽ ነበር፤ ቀን አለበት፣ ሰዓት አለበት፣ የአሥራ አንድ ሰው ስም አለበት። የታጠበ ልብስ በጀርባዋ አዝላ ያን ሁሉ በአፏ ይዛ አራት ፎቅ ወጥታ፣ ሳታወላውል ቆማ “አነበበችለት”። እሱ የብሬል መጽሐፍ ሲያገላብጥ፣ የሚያይ ሰው ሁሉ የሚያነብ ይመስለው ነበር። የሰውን ውሸት በትንፋሽ የሚለየው ጆሮ፣ ይህን አንድ ነገር ሳይሰማ አረጀ። ከስልኩም ከሌባውም ይልቅ ይህኛው አስገረመው።

በመጨረሻ “ቁጥርስ?” አላት።

ቁጥርማ ታውቃለች፤ ገንዘብ የሚቆጠረው በምን ሆነና። እንግዲያው ስምንት ሺህ አምስት መቶ የሚለውን የመጀመሪያ መልእክት ፈልጊ፤ አናቱ ላይ ያለው ቁጥር ነው ወይስ ሌላ አላት። ቁጥር ነው ብላ አሥሩንም አሃዝ አንድ በአንድ ጠራችለት። ከዚያ በፊት የመጣውንስ? አየችው፤ ቁጥር የለበትም፣ ፊደል ነው። የዚያ በፊቱስ? እሱም ፊደል ነው። አንዷ መልእክት ብቻ በቁጥር መጣች፤ ሌሎቹ ሁሉ በክፍያ ድርጅቱ ስም። እውነተኛው የሚመጣው ከድርጅቱ ነበር፣ ያችኛዋን የላካት ማንም መንገደኛ ነው፤ ገንዘቡ ከመጀመሪያውም አልገባም፣ ጋሽ ብሩሽ የላከው የራሱን ነው። ልጅቷ ሁለቱንም በአንድ ድምፅ አነበበች። ላኪውን ሳትጠራ የቀረችውም በእሱ በራሱ ትእዛዝ ነው፤ ገና በመጀመሪያው ሰሞን ነገር ታበዛለች፣ ቁም ነገሩን ብቻ ትንገረኝ ብሎ ስልክ ጠጋኙን አስቀንሶ ነበር።

ድርጅቱ ጋ ደወሉ። በራስዎ የምስጢር ቁጥር በፈቃድዎ የላኩት ስለሆነ መመለስ አንችልም አሏቸው በትሕትና። ፖሊስ አንድ ወረቀት ሰጣቸው። ስምንት ሺህ አምስት መቶው በዚያው ቀረ።

“ጆሮህ ስለዚያ ልጅ ምን አለህ?” አለችው እህቱ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ።

“ይዋሻል አለኝ።”

“ታዲያ?”

“ልጅቷ አትዋሽም ብዬ ነው።”

“ልጅቷማ የሰጧትን ነው የምታነበው” አለች እህቱ። “እኔስ? ልብስ ሰፊው ቢዋሸኝ ኖሮ ውሸቱን ይዤልህ ነበር የምወጣው።”



በማግስቱ አከራይዋ በልብስ ሰፊው በኩል መልእክት ላከች። የአራት ወር ብቻ ይክፈል፣ ለቀረው አገር የሚያውቀው ዋስ ይጥራና ይፈርምለት አለች። እህቱ እኔ እሆናለሁ አለች፤ ግን ድምፅዋ ወዲያው ቀነሰ። እሷ የምትፈርመው በአሻራ መሆኑን አስባ ነው። ጋሽ ብሩሽ ገባው። ትምህርት ቤት ሳለ መፈረም እንዲችሉ ብለው ከእንጨት የተቀረጹ የዓይናማ ፊደላት አስዳስሰዋቸው ነበር፤ ጣቱ አልረሳቸውም። ሳሙና የበላውን መዳፏን ሳበና በጣቱ ስሟን ጻፈበት። ሦስት ፊደል ናት። ደግሞ ጻፈበት። ከዚያ ያልተበሳ የብሩሽ ገበታ አመጣላት፤ የሳሙና ስባሪ ይዛ እየጫረች፣ እሱ በጣቱ እየዳሰሰ፣ ጠመመ፣ ተቃና፣ እግሩን ረሳሽው ሲላት ዋሉ። የሁለተኛውን ፊደል እግር ሁልጊዜ ትረሳለች። ሆድና ጀርባ መሆናቸው በየት በኩል እንደወጣ አላወቁትም።

ቅዳሜ አብረው ሄዱ። ጋሽ ብሩሽ ገንዘቡን የላከው በዚያው ስልክ ነው፤ ልጅቷን አላባረራትም። እሱ ሰማ፣ እህቱ የመልእክቱን አናት አየች፣ ፊደል ነው አለችው፤ ሁለቱም ሲስማሙ ተከፈለ ተባለ። አከራይዋ የዋስትናውን ወረቀት አቀረበች። የቀለሙ ቆርቆሮ ክዳን ሲከፈት ጋሽ ብሩሽ ሰማው። አከራይዋ እህቱን “አሻራዎን እዚህ ላይ ያሳርፉ” አለቻት።

“እስክሪብቶ ስጡኝ” አለች እህቱ።

 እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ መጫር ጀመረ። የመጀመሪያው ፊደል ረጅም ጊዜ ወሰደ። ሁለተኛው ተጀመረ፣ ቆመ።  ከዚያ እስክሪብቶው ተመልሶ አንዲት አጭር መስመር ወደ ታች ሳበ። ሦስተኛው ተከተለ። አከራይዋ ወረቀቱን አንስታ የእህቱን ስም ጮክ ብላ አነበበችው፤ ከወረቀት ላይ።

“አዎ” አለች እህቱ። “እኔ ነኝ።”