የማጭድ ስለት ለጄት ሞተር

መምህር አፈወርቅ በዚያ የ1957 ታኅሣሥ ቀን ወደ መሐል ሜዳ ገበያ የወጡት ጨው ሊገዙ ነበር። ወሬ የሚወዱ ሰው ናቸውና፣ በትምህርት ቤቱ ማዕዘን ሰዎች ተሰብስበው ሲስቁ ሲያዩ ጨዉን ረሱት። አንድ ካኪ ሱሪ የለበሰ ጎልማሳ ግድግዳው ጥግ ቆሞ፣ ከአቁማዳ የገብስ ገለባ እየዘገነ ለነፋሱ ይለቃል።

«ኧረ ወንድሜ፣ አዲስ አበባ ያስተማሩህ ገለባ መዝራት ነው?» አለችው እህቱ አማከለች፣ በነጠላዋ አፏን ሸፍና።

«ዝም በይ እቴ፣ እያየሁ ነው!»

መኳንንት ይባላል። መምህሩ ቀረብ ብለው ቢጠይቁት፣ የሚያዳምጠው ሰው ናፍቆ ኖሮ ሁሉንም ዘረገፈላቸው። አምስት ዓመት ሙሉ አዲስ አበባ አውሮፕላን ሲያጥብ ኖሯል። ጄት የሚሉት ከመጣ ወዲህ ግን ከባልዲ ወደ መዶሻ ሊሸጋገር ተፈተነ። ፈተናው የጄቱን ሞተር የሚያቅፈውን ሽፋን አፍ፣ ያንን ነፋስ የሚገባበትን ከንፈር፣ ከስስ አሉሚኒየም ቀጥቅጦ ማውጣት ነበር። ያሳዩት ናሙና ወፍራም፣ ድቡልቡል ከንፈር ነው። የመንዝ ልጅ ደግሞ የደነዘ ማጭድ ይዞ አጨዳ መውጣት እንዴት እንደሚያሳፍር ያውቃል። ነፋስ የሚሰነጥቅ ነገር ይደንዛል እንዴ? ናሙናውን ለሠሩት አዘነላቸውና የራሱን ከንፈር በሞረድ ስሎ፣ ስሎ፣ ኩራት እየተሰማው አስረከበ።

አለቃው አቶ ኃይለ ኢየሱስ በአውራ ጣታቸው ዳስሰው አስቀመጡት። «ለምን እንደተሳሳትክ ከፈቃድህ ስትመለስ ንገረኝ። ካወቅህ ሌላ ቆርቆሮ እሰጥሃለሁ። ካላወቅህ ባልዲህ ቦታው ላይ አለ» አሉት።

«መኪናው ነገ ጠዋት ነው፤ እኔ ግን እስካሁን አልገባኝም» አለ መኳንንት።

መምህሩ አሰቡ፣ አሰቡ። «እኔም ብሆን እስለው ነበር።»

«እርስዎም? በቃ ጠፋሁ!»

አብረው ዘገኑ። በትምህርት ቤቱ ሹል ማዕዘን ያለፈው ገለባ ግድግዳውን ለቆ ይወረወርና ከጀርባ ይሽከረከራል። ወደ አማከለች ክብ የድንጋይ ቤት ሄደው ሲለቁት ግን ግድግዳውን እየዳበሰ ዞሮ ያልፋል። ሦስት ጊዜ ሞከሩት፤ ሦስቴም እንዲያው።

«አውሮፕላኑ ገና መሬት ላይ ሳለ» አለ መኳንንት ቀስ ብሎ፣ «ሞተሩ ከፊት ብቻ ሳይሆን ከጎንም ይስባል። ከጎን የመጣው ነፋስ ስለቱ ላይ መታጠፍ አቅቶት ከተሽከረከረ፣ ሞተሩ ትንፋሽ ያጥረዋል ማለት ነው?»

«ይመስለኛል» አሉ መምህሩ፣ እርግጠኛ ሳይሆኑ።

የመኳንንት ፊት ፈካ፤ ወዲያው ደግሞ ጠቆረ። «ታዲያ የዚያው ሽፋን ጭራ፣ ነፋሱ የሚወጣበት፣ ለምን እንደ ምላጭ ሳሳ?»

ከደጃፏ የመለሰችለት አማከለች ናት። «በፊት በር የሚገባው ነፋስ መታጠፍ አለበት። በጓሮ የሚወጣው ወዴት ይታጠፋል? መንገዱን ይሄዳል እንጂ!»

ወንድምየው ቃሏን ለራሱ ደገመው። ትክክል ትሁን አትሁን መምህሩም አላወቁም።

በማግስቱ መምህሩ ሊሸኙት ሲመጡ፣ መኳንንት የመኪናው ጭነት ላይ ተቀምጦ መልሱን እያጠና ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል።

«እህሳ፣ ምን ልትላቸው ነው?» አሉት።

መኪናው ተነሣ። «ስለ ፊቱ ገለባውን እነግራቸዋለሁ፣ መምህር!» ብሎ ጮኸ። «ስለ ኋላው ከጠየቁኝ ግን፣ መሐል ሜዳ ድረስ መጥተው አማከለችን ያናግሯት!»