አለ እና የለም

ቤተሰቧ «ክችች» እያለ ይጠራታል። አንድ ነገር ላይ ከተቀመጠች ቤቱ ቢቃጠል አትነሣምና ስሙ ልኳ ነው። ቀን ቀን ማተሚያ ቤት የመጻሕፍት ሽፋን ታዘጋጃለች፤ ከሥራ ስትወጣ ደግሞ የራሷን ድረ ገጽ ትንከባከባለች። ገጹ የትኛው ፋርማሲ የትኛው መድኃኒት እንዳለው ይናገራል። እናቷ ታመው አንድ ብልቃጥ ፍለጋ ከተማውን ስታካልል፣ መድኃኒቱ ሳይደርስላቸው ሞቱ። ገጹን የሠራችው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሌላው ላይ እንዲህ እንዳይደርስ።

ታዲያ በቅርቡ ገጹ የተጻፈበት የኮምፒውተር ቋንቋ ታደሰ። ቋንቋ ሲታደስ ለጀማሪው ደስታ ነው፤ አሮጌ ኮድ ላለው ግን ወዮለት። ሰኞ ማለዳ ገጹን ብትከፍተው ባዶ ነጭ ሆኖ ጠበቃት። አሮጌው ቋንቋ አይቶ እንዳላየ ያልፈው የነበረውን ስሕተት፣ አዲሱ አንቆ ይይዘዋል። እሷም ክችች አለች። የተሻሩትን ትእዛዞች አንድ በአንድ እየተካች ረቡዕ ምሽት ላይ አስነሣችው።

«በቃ ተገላገልሽ፤ አሁን እንኳ እራትሽን ብዪ» አላት ታላቅ ወንድሟ።

ሐሙስ የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ማተሚያ ቤት ድረስ መጣ። ሴት ልጁ የሚጥል በሽታ አለባት፤ የቀራት ክኒን የሚያደርሳት እስከ እሁድ ብቻ ነበር።

«ገጽሽ አለ ይላል፤ የሄድኩበት ፋርማሲ ሁሉ የለም ይላል» አላት። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። «ሱቄን ዘግቼ ስዞር ዋልኩ። ማንን ልመን?»

«ጋሼ፣ እስከ ነገ ይታገሡኝ» አለችው።

ቤቷ እንደገባች መጀመሪያ ገጹን ዘጋችው።

«ትናንት አስነሥተሽ ዛሬ ትዘጊዋለሽ? ሰው ምን ይላል?» አላት ወንድሟ።

«እየዋሸ ከሚውል ተዘግቶ ይደር።»

ነገሩ ወዲህ ነው። ፋርማሲዎቹ የቀራቸውን መድኃኒት ብዛት በቁጥር እንዲሞሉ ነበር የታሰበው። ማን ይሰማል? አብዛኞቹ ሲያልቅባቸው «የለም» ብለው ይጽፋሉ። አሮጌው ቋንቋ ቃልን ከዜሮ ጋር ሲያስተያዩበት ቃሉን ራሱን ዜሮ አድርጎ ይቆጥረው ስለነበር፣ ገጹም የለም ይል ነበር። ለአዲሱ ግን ቃል ቃል ነው እንጂ ዜሮ አይደለም። በእሷ ኮድ ደግሞ ዜሮ ያልሆነ ሁሉ «አለ» ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ገጹን ሲያሠራው የኖረው የእሷ ብልሃት ሳይሆን ዕድል መሆኑን ስታውቅ አፈረች።

«በቁጥር ጻፉ በያቸው፣ አለቀ» አለ ወንድሟ።

አንዷን ፋርማሲስት ደውላ ለመነቻት።

«እህቴ፣ ሰልፉ በር ላይ ደርሶብኛል» አለች ሴትዮዋ። «ከሌለ የለም ነው፤ ሌላ ምን ልበል?»

እውነቷን ነው። ሰዎቹ ካልተለወጡ ኮዱ ይለወጥ ብላ ወሰነች። ፋርማሲዎቹ የጻፏቸውን ቃላት ሁሉ አውጥታ ለኮዱ ታስተምረው ጀመር። «አልቋል»፣ «ጨርሰናል»፤ አንዱማ «አታድክሙኝ» ብሎ ጽፏል። እሱም የለም ማለት ነው።

ከዚያ አንድ ቃል ላይ እጇ ቆመ። ልብስ ሰፊው ያልደረሰበት፣ ከተማው ዳር ያለ አንድ ትንሽ ፋርማሲ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቁጥር በሚጻፍበት ቦታ ሁሉ «አለ» ብሎ ሞልቷል። ለአሮጌው ቋንቋ «አለ»ም ያው ቃል ነበር፤ ዜሮ። ያ ፋርማሲ ያለውን ሁሉ የእሷ ገጽ ዓመታት ሙሉ የለም ሲል ኖሯል። ስንቱ ሰው እሷን አምኖ ተስፋ ቆርጦ እንደቀረ ማሰብ አልፈለገችም፤ ግን አሰበች፤ አለቀሰችም። እንባዋን ጠርጋ የልጅቷን መድኃኒት ፈለገች። ከጎኑ «አለ» ተጽፏል። ደወለች።

«አለ እኮ፤ ጽፌያለሁ» አሉ ሽማግሌው ባለፋርማሲ። «እንዴት አንድ ሰው እንኳ አይጠይቀኝም እያልኩ ስገረም ነው የኖርኩት።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። ነገ ጠዋት አንድ ሰው ይመጣል፤ ያስቀምጡለት።»

ለልብስ ሰፊውም ደውላ ቦታውን ነገረችው፤ ከዚያ ኮዱን ሳትጨርስ ከወንበሩ አልተነሣችም። ዐርብ ረፋዱ ላይ ልብስ ሰፊው ደወለ።

«አገኘሁት ልጄ» አላት። «የሰውዬው መደርደሪያ ግን ሙሉ ነው። እስከዛሬ የት ነበር?»

ስልኩን ዘግታ ገጹን መልሳ ለሕዝብ ከፈተችው። የልጅቷን መድኃኒት ፈልጋ አየች፤ የሽማግሌው ፋርማሲ ከጎኑ «አለ» ተብሎ ወጥቷል።