የኪዳነወልድ ሁለት ነጥብ

የክፍሉ ቁልፍ ሁለት ነው፤ አሁን ሁለቱንም የምትይዘው ፍቅርተማርያም ናት። የጎንደርንና የአካባቢዋን የብራና መጻሕፍት ፎቶ እያነሣ በሚያስቀምጥ ቢሮ፣ ከኪዳነወልድ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጣ ስትሠራ ኖራለች። ከቅኔ ቤት የመጣው እሱ የመጻሕፍቱን ዝርዝር ኤክስኤምኤል በሚባለው የኮምፒውተር አጻጻፍ ይተይብ ነበር፤ እሷ የፍለጋውን ፕሮግራም ትጽፋለች። ባለፈው ክረምት ታሞ አረፈ። ምትክ አልመጣም። ወንበሩም ከቦታው አልተነሣም።

ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ ካለ ደብር መሪጌታ ሀብተሥላሴ ዛሬም መጡ። የደብራቸው ድርሳነ ሚካኤል በእሳት ጠፍቷል፤ ፎቶው ከተገኘ ለኅዳር ሚካኤል ሊያስገለብጡ ነው።

«ምነው ልጄ፣ ዛሬም የለም ይላል?»

«ዛሬም የለም ይላል፣ የኔታ።»

«እኔው ራሴ እየገለጥኩ ያስነሣሁትን? ማኪናሽ ቀጣፊ ነው!»

ኃላፊዋ በስልክ «የለም ብለሽ አሰናብቻቸው» ብሏታል። አላስቻላትም። ማሽኑ የሠራውን የሚመዘግብበትን ሎግ ከፈተች፤ ባዶ ነው። ስሕተት ሲፈጠር ብቻ እንዲጽፍ ያደረገችው በኪዳነወልድ ልመና ነበር። «ዝም አሰኝልኝ፤ ብቻውን የሚያወራ ነገር አልወድም» ይላት ነበር። ለማሽኑ ደግሞ አለማግኘት ስሕተት አይደለም።

ሁሉን እንዲጽፍ አዘዘችውና እንደገና ፈለገች። ፕሮግራሙ ከተተየበው ቃል የገጣጠመው የፍለጋ ጥያቄ ሙሉውን ወጣ፤ የጎደለ ነገር የለውም። እንግዲያው ጥፋቱ ኪዳነወልድ ከተየበው ዝርዝር ነው። «ድርሳነ»ን ትታ «ሚካኤል»ን ብቻ ፈለገች። ስክሪኑ ሞላ። ከመካከሉም «ድርሳነ፡ሚካኤል» አለ።

ሁለት ነጥብ። እሷ ቃል ከቃል የምትለየው በባዶ ቦታ ነው፤ ኪዳነወልድ ግን እንደ ብራናው በሁለት ነጥብ። «ባዶ ቦታ አጥር ይሆናል እንዴ?» እያለ ይስቅባት ነበር።

መሪጌታ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ። «ሸጋ! ጽሕፈት የሚያውቅ ነው የጻፈው። የታለ፣ ልመርቀው?»

«አርፏል፣ የኔታ።»

«ነፍስ ይማር» አሉና በዚያ ባዶ ወንበር ላይ ሊቀመጡ ሲሉ ተዉት።

ከፎቶው የታተመውን ቅጂ በጋቢያቸው ሸፍነው ከወጡ በኋላ ብቻዋን ቀረች። ሁለት ነጥቦቹን ሁሉ በባዶ ቦታ ለመተካት አንድ ትእዛዝ ይበቃ ነበር። ጻፈችው፤ መልሳ አጠፋችው። የፍለጋ ጥያቄውን አስተካክላ፣ ሁለት ነጥብንም ባዶ ቦታንም አንድ አድርጎ እንዲፈልግ አደረገች።

ሎጉን ግን መልሳ ዝም አላሰኘችውም። ብቻውን ያውራ፤ እሷ ትሰማዋለች።